ብርሃን በመስታወት ደጃፍ

የካቲት 4 ቀን

ለልጅ ልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለ ጤንነቴ ላቀረብሽልኝ ጥያቄ፦ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል፤ ከወገቤ በላይ ያለው ግን እንደ ጥንቱ ነው። አንቺ «እማማ» የምትያት እኅቴም ደኅና ናት። ከመድኃኒት ቤቱ ጡረታ ከወጣች ወዲህ የምታዘው ሰው ስላጣች እኔን ታዛለች።

«የፈተናውን ውጤት ለእማማ አይንገሩብኝ» ብለሽ የጻፍሽውን ቃል በቃል አክብሬአለሁ። አልነገርኋትም። ፖስታውን የከፈተችው ግን እርሷ ናት።

እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። የመነጽር መስታወት ባለሙያነት ፈቃድ ለማግኘት በቃል ተፈትነሽ መውደቅሽን ተረድቻለሁ። ሚያዝያ ላይ ሁለተኛና የመጨረሻ ዕድል እንዳለሽ፣ ያም ካመለጠሽ ሌላ ሰው በስሙ የሚፈርምበትን መስታወት ስታለሰልሺ እንደምትኖሪም ተረድቻለሁ። ፈታኞቹ ብርሃን ከአየር ወደ መስታወት ሲገባ መንገዱን የሚቀይረው ስለ ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁሽ ቀመሩን አንበልብለሽ፣ «እሱስ እሺ፤ ለምን?» ሲሉሽ ዝም ማለትሽን ጽፈሻል። በመውደቅሽ አዝኛለሁ፤ ዝም በማለትሽ ግን አላዘንሁም። ያልገባውን ነገር በብዙ ቃል የሚሸፍን ተማሪ ስንቱን አይቻለሁ።

ለሚቀጥለው ፈተና ያዘጋጀሽውን መልስ እንዳርምልሽ ልከሻል። ሰዋስዉ ንጹሕ ነው፤ ያሳደግሁሽ እኔ ነኝና አልተደነቅሁም። ፍሬው ግን ባዶ ነው። «ብርሃን በስብረት ሕግ መሠረት ይሰበራል» ትያለሽ። ሌባው ስለ ምን ሰረቀ ቢሉሽ «በስርቆት አንቀጽ መሠረት» ትያለሽን? ሕግ የሆነውን ይናገራል እንጂ አይገፋም፣ አይጎትትም። እኔ የምጠይቅሽ የሚጎትተውን ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርሁት ቋንቋ ነው። ስለ መብራት የማውቀው ነገር ቢኖር መቼ እንደሚጠፋ ብቻ ነው። ስለዚህ ከእኔ የተሻለ መለማመጃ አታገኚም። ምንም የማያውቅ፣ በዚያ ላይ ነገር የማያልፍ ሽማግሌ ካሳመንሽ፣ ሦስቱ ፈታኞች አይከብዱሽም። ለእኔ ጻፊልኝ። ከገባኝ ያልፋል፤ ካልገባኝ እመልሰዋለሁ።

አያትሽ

* * *

የካቲት 15 ቀን

የተከበሩ አባባ፣

እማማ ፖስታዬን በመክፈታቸው አልተቀየምሁም። ከእንግዲህ ግን በፖስታው ላይ የእርሳቸውንም ስም እጨምራለሁ፤ ቢያንስ በሕጋዊ መንገድ ይክፈቱት።

ስለ ምግቤ ቢጠይቁኝ፦ እበላለሁ፤ ምሳዬንም አልዘልም። ስለ ክፍሌ፦ መስኮቱ ተጠግኗል፤ አከራዬም ለመስታወት ሠሪ አከራይታ መስኮት ማስጠገኗን ለጎረቤት ሁሉ እያወራች ትሥቃለች። ስለ ሥራዬ፦ ደኅና ነው።

ሌባውን አንብቤ ብቻዬን ሣቅሁ፤ ከዚያም መልሴን ቀድጄ ጣልሁት። እንደ አዲስ ስጀምር የደረስሁበት ይህ ነው።

በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው በአንድ ረድፍ የሚራመዱ ልጆችን ያስቡ። የቆሙበት መሬት ጠንካራ ነው፤ ከፊታቸው አሸዋ አለ። የአሸዋው ጠርዝ ግን ለረድፉ ሰያፍ ነው። ስለዚህ በቀኝ ጫፍ ያለችው ልጅ ከሁሉ ቀድማ አሸዋው ውስጥ ትገባለች። እግሯ ይሰምጣል፤ እርምጃዋ ያጥራል። በግራ ጫፍ ያለው ልጅ ገና ጠንካራው መሬት ላይ ስለሆነ እንደ ቀድሞው ይራመዳል። እጃቸው አልተላቀቀምና ረድፉ ወደ ቀኝ ይዞራል። «ዙሩ» ያላቸው ሰው የለም። ያዞራቸው አንዱ ወገን ቀድሞ መዘግየቱ ነው።

ሁሉም ፊት ለፊት፣ እኩል ከገቡ ደግሞ እኩል ይዘገያሉ፤ ረድፉም አይዞርም። ብርሃንም መስታወትን ቀጥ ብሎ ሲመታው ይዘገያል እንጂ አይታጠፍም።

የእኛ ሥራ ይኸው ነው፣ አባባ። የአሸዋውን ጠርዝ እየሞረድን፣ ረድፉ ዞሮ ዐይን በሚፈልገው ቦታ ላይ እንዲገናኝ እናደርጋለን።

ካላመኑኝ እርሳስ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ሰያፍ አድርገው ያቁሙና ከጎን ይመልከቱ።

ልጅዎ

* * *

የካቲት 28 ቀን

ለልጅ ልጄ፣

መልስ ስላዘገየሁብሽ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ምክንያቱን ከታች ታነቢዋለሽ፤ የሚያኮራ አይደለም።

በቅድሚያ ግን «ስለ ሥራዬ፦ ደኅና ነው» የሚለውን ደጋግሜ ተመለከትሁት። መስኮትሽ እንኳ ታሪክ ተጽፎለታል፤ ሥራሽ ግን በአንድ ቃል ታልፏል። አልጠይቅሽም። ሲበስል ትነግሪኛለሽ።

ስለ ልጆቹና ስለ አሸዋው ገብቶኛል። እርሳሱንም በውኃ ውስጥ አቆምሁት፤ ወገቡ ላይ የተቀጨ መሰለ። ሳወጣው ጤነኛ ነው። ደስ አለኝ፤ ደስታ ደግሞ ሽማግሌን ያቀብጠዋል። «ውኃ ይህን ያህል ካጠፈው፣ ከውኃ የወፈረ ነገር የቱን ያህል ያጥፈው ይሆን?» ብዬ፣ እኅቴ ለእጇ ድርቀት የምታስቀምጠውን ግሊሰሪን በረጅም ብርጭቆ ሞላሁት። እርሳሱ እንዳይቆሽሽ ብዬ፣ ከመድኃኒት ቤት ዘመኗ ያስቀረችውን የመስታወት ማማሰያ ዘንግ አነሣሁና ከተትሁት።

ግሊሰሪኑ ውስጥ የገባው ግማሽ ጠፋ። ጠፋ ስልሽ ደበዘዘ ማለቴ አይደለም። የለም። ከላይ ጣቴ የያዘው ዘንግ አለ፤ ከታች ባዶ ግሊሰሪን አለ። እኅቴን ጠራኋት።

«ያንቺ ግሊሰሪን ዘንግሽን በልቶታል» አልኋት።

«ምን አደረገው?»

«አሟምቶታል። ይህንን ነው እጅሽን የምትቀቢው?»

መጣች፤ አየች፤ ዘንጉን ከእጄ ተቀብላ ሳብ አደረገችው። እያንጠባጠበ ሙሉው ወጣ። መልሳ ከተተችው፤ ግማሹ ጠፋ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ ፈተናውን ሳታልፍ እኔን ትጨርሰኛለህ» ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እንባዋ እስኪወርድ ሣቀች። ሣቋ ሲበርድላት ግን እርሷም ደጋግማ ስትከትተውና ስታወጣው አመሸች።

እንግዲህ ሁለት ጥያቄ አለኝ። የመጀመሪያው፦ ወፍራሙ ፈሳሽ ይበልጥ ያጥፈዋል ብዬ ስጠብቅ ስለ ምን ጨርሶ ተወው? ሁለተኛው ይብሳል። ልጅቷ የዘገየችው እግሯ ስለሰመጠ ነው። ብርሃን እግር የለውም። መስታወት ውስጥ ሲገባ የሚያዘገየው ምንድን ነው? ይህ እስካልተመለሰ ድረስ አላሳልፍሽም።

አያትሽ

* * *

መጋቢት 10 ቀን

የተከበሩ አባባ፣

«ሲበስል ትነግሪኛለሽ» ብለውኛል። በስሏል፤ እንዲያውም አሯል። ቀድሜ ስላልነገርሁዎት ይቅር ይበሉኝ።

በምሠራበት ቤት ሁለት ዓይነት ጥሬ መስታወት አለ። አንደኛው ተራው ነው። ሁለተኛው ብርሃንን ከተራው ይበልጥ የሚያዘገይ ነው፤ ትንሽ ቢጎብጥ እንኳ ብዙ ስለሚያጥፍ፣ ዐይናቸው በጣም ለደከመ ሰዎች ቀጭን መነጽር እንሠራበታለን። ሁለቱ በዐይን አይለዩም፤ በሚዛንም እምብዛም አይለያዩም። የሚለዩት በመደርደሪያቸው ነው። እኔ ደግሞ በወደቅሁ ሰሞን፣ እጄ ሥራ ሲፈታ ልቤ እንዳይከፋ ብዬ መደርደሪያውን ሁሉ አወረድሁ፤ ወለወልሁ፤ መልሼ ደረደርሁ። ደባለቅሁት።

ከዚያ ለአንድ የአውቶቡስ ሹፌር መነጽር ሠራሁ። ጉብጠት የምንለካበት፣ ሰዓት የሚመስል ባለ ሦስት እግር መሣሪያ አለን። መስታወቱ ላይ ሳቆመው ትክክል ነው አለኝ። እርሱ የሚያውቀው ጉብጠቱን ብቻ ነው፤ መስታወቱ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያዘገይ በምን ያውቃል? ይህን የሚያውቀው ትልቁ መሣሪያ ደግሞ ለጥገና ሄዷል። ሹፌሩ በማግሥቱ ተመልሶ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ «እኅቴ፣ ይህንን መንገድ ተኝቼም አውቀዋለሁ። ዛሬ ግን አስፋልቱ እንደ ምንጣፍ ተጠቀለለብኝ። ደግነቱ ከግቢ ሳልወጣ አወለቅሁት» አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

አለቃዬ ቃል አያበዙም። «መስታወቱን ለይተሽ እስክታሳዪኝ ድረስ መሞረጃውን አትነኪም» አሉ። ያለ እርሳቸው የምስክርነት ፊርማ ደግሞ ፈተናው ላይ መቅረብ አይቻልም። «ደኅና ነው» ያልሁዎት ይህንን ነበር።

አሁን ወደ ዘንግዎ ልምጣ። ግሊሰሪንና ያ ዘንግ የተሠራበት መስታወት ብርሃንን የሚያዘገዩት እኩል ነው። ልጆቹ ከአሸዋ ወደ ሌላ አሸዋ ቢሻገሩ መሻገራቸውንም አያውቁት፤ ረድፉ አይዞርም። መስታወት የሚታየን ብርሃን ጠርዙ ላይ ሲታጠፍና ሲነጥር ነው። ካልታጠፈ፣ ካልነጠረ የሚታይ ነገር የለም። ስለዚህ ውፍረት አይደለም ነገሩ። ጥንካሬም አይደለም። የሚያጥፈው የፍጥነቱ ልዩነት ነው።

ይህንን ዐረፍተ ነገር እየጻፍሁልዎት ሳለ ብዕሬን አስቀመጥሁ። ጎረቤታችን ወደ ሆነው የሕክምና ላቦራቶሪ ሄጄ፣ በማይክሮስኮፕ ሲያዩ ናሙናው ላይ ጠብ የሚያደርጉትን ዘይት ለመንሁ። ያ ዘይት የሚስተካከለው ከተራው መስታወት ጋር ነው። በትንሽ ሳሕን አፍስሼ ጥሬ መስታወቶቹን አንድ በአንድ ነከርሁ። የተራው ጠርዝ ዘይቱ ውስጥ ሲገባ ተሰወረ ማለት ይቻላል፤ የሌላው እያብለጨለጨ ቀረ። አለቃዬ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። አንዱን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ነከሩ፤ ሌላውንም ነከሩ።

«ይህንን ማን አስተማረሽ?»

«የሰዋስው መምህር» አልሁ።

«ቀልደኛ» አሉና ወረቀቴ ላይ ፈረሙ። ሹፌሩም አዲሱን መነጽር ወስዷል፤ አስፋልቱ አደብ ገዝቷል።

ብርሃንን ስለሚያዘገየው ነገር፦ ብርሃን የኤሌክትሪክ መርገብገብ ነው። መስታወት ደግሞ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ባላቸው እጅግ ጥቃቅን ነገሮች የተሞላ ነው። ብርሃኑ ሲገባ ያርገበግባቸዋል፤ የሚርገበገብ ቻርጅ ደግሞ በተራው ብርሃን ይሰጣል፤ ከቀስቃሹ ግን ጥቂት ዘግይቶ። መስታወቱን የሚያቋርጠው እንግዲህ የመጀመሪያው ብርሃን ብቻ አይደለም፤ የእርሱና የእነዚያ የዘገዩት ድምር ነው። ድምሩ ወደ ኋላ ይጎተታል። ነገሩ ገብቶኛል፤ ምሳሌ ግን አጣሁለት። ፈተናው ላይ ሳወራው ምላሴ የሚተሳሰረው እዚህ ላይ ነው።

ልጅዎ

* * *

መጋቢት 22 ቀን

ለልጅ ልጄ፣

ስለ ሹፌሩ የምጨምረው የለኝም። ተሳስተሻል፤ ስሕተትሽን ራስሽ አግኝተሻል፤ ራስሽ ጠግነሻል። ከዚህ በላይ የሚናገር ሰው ድምፁን የሚወድ ሰው ነው።

ምሳሌ አጥተሻል። እነሆ አንድ።

ማንበብን በኅብረት አስተምር እንደ ነበር ታውቂያለሽ። አንድ ልጅ ይጀምራል፤ ክፍሉ ተቀብሎ ይከተላል። የጀማሪው ልጅ ድምፅ አልዘገየም። የጎረቤቱ ድምፅ ግን እርሱን ሰምቶ የተነሣ ነውና በፀጉር ስንጣቂ ይዘገያል፤ የሌላውም እንዲሁ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ለቆመ ሰው የሚደርሰው የአንዱ ልጅ ድምፅ አይደለም፤ የሁሉም ድምር ነው። ድምሩም ይጎተታል። ርእሰ መምህሩ «ያንተ ክፍል ንባብ ስለ ምን ይጎተታል? ሰነፎች ናቸው?» እያለ ሲነዘንዘኝ ኖሯል። ሰነፍ የለም። ማንም አልቆመም፣ ማንም አላንቀላፋም። የሰማ ሁሉ በመመለሱ ነው የሚጎተተው። ክፍሉ መስታወትሽ ነው፤ ጀማሪው ልጅ ብርሃንሽ ነው። ምሳሌው የሚያነክስበት ቦታ ካለ አንቺ ፈልጊው፤ ፈታኞቹ ከማግኘታቸው በፊት።

ለፈተናው ቀን የምመክርሽ ጥቂት ነው። ዐረፍተ ነገርሽን ሳትጨርሺ ሌላ አትጀምሪ። «ምናልባት»ን እንደ ጨው ተጠቀሚበት። የማታውቂውን «አላውቅም» በይ፤ ቀና ብለሽ ግን በይው። ውጤቱንም ስትጽፊልኝ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ጻፊው። ሁለተኛው ላይ እስክደርስ ልቤ አይጠብቅም።

አንድ ይቅርታ አለብኝ። እኅቴ ያንን ዘንግና ግሊሰሪን ይዛ ጎረቤት ለጎረቤት እየዞረች፣ «ይህ ስለ ምን እንደሚጠፋ የምታውቅ ልጅ አለችን» ትላለች። ልትፈተኚ ገና ነሽና የሰው ዐይን እንዳያርፍብሽ ብዬ እንድታቆም ነግሬያታለሁ። የማቆም ምልክት አላየሁባትም። ብርጭቆውን የምይዝላት እኔ ነኝ።

አያትሽ

* * *

ሚያዝያ 12 ቀን

የተከበሩ አባባ፣

አልፌአለሁ።

ለእማማም ይንገሩልኝ፤ ፖስታውን እርሳቸው ካልከፈቱት።

ገና የሚጠይቁኝን በቅደም ተከተል እመልሳለሁ። ፈታኞቹ የጠየቁኝ ያንኑ ነው፤ የጠየቀኝም ያው ባለፈው ዝም ያሰኘኝ ቀጭን ፈታኝ ነው። «ለምን?» አለ፤ እኔም ከአሸዋው ጀመርሁ። ድምፄ ተንቀጥቅጦ እንደ ሆነ ቢጠይቁኝ፦ እስከ አሸዋው ጠርዝ ድረስ ተንቀጥቅጧል፤ ልጆቹ ሲዞሩ ቆመ።

የክፍልዎን ንባብ ነግሬአቸዋለሁ። ቀጭኑ ፈታኝ ብዕሩን አስቀምጦ፣ «ይህ ምሳሌ እኮ ያነክሳል» አለኝ። «አዎ፣ የሚያነክስበትን አውቃለሁ» አልሁት። «በክፍል ውስጥ ድምፅ ግድግዳ እየመታ ወደየአቅጣጫው ይበተናል፤ ይደበላለቃል። በጠራ መስታወት ውስጥ ግን የዘገዩት ብርሃኖች እርስ በርስ የሚደጋገፉት ወደፊት በሚሄደው አቅጣጫ ነው፤ ወደ ጎን የሚሄዱት ይጠፋፋሉ። ምስል ተደበላልቆ የማይታየን በዚያ ምክንያት ነው።» አንገቱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ሰማያዊ ከቀይ ይልቅ ስለ ምን ይበልጥ እንደሚታጠፍ ጠየቀኝ። ጥቃቅኖቹ ቻርጆች በተፈጥሮ የሚወዱት የራሳቸው ፈጣን ምት እንዳላቸው፣ የሰማያዊ ምት ለዚያ ስለሚቀርብ ይበልጥ እንደሚያርገበግባቸው፣ ይበልጥም እንደሚዘገይ ነገርሁት።

ከዚያ ሌላኛዋ ፈታኝ ስለ አንድ የክሪስታል ዓይነት ጠየቀችኝ። «አላውቅም» አልሁ። ቀና ብዬ ነው ያልሁት። ፈገግ አለች፤ መልሱን ግን አልነገረችኝም። እስካሁን ይከነክነኛል።

ስሜ በምስክር ወረቀቱ ላይ በትክክል ተጽፏል። እንደሚጠይቁኝ ስለማውቅ እዚያው ቆሜ ሆሄ በሆሄ አይቼዋለሁ። አለቃዬ ወረቀቱን አንብበው መለሱልኝና፣ «ነገ ቀደም ብለሽ ነይ፤ የምትፈርሚው አለ» አሉኝ። ከእርሳቸው አፍ ይህ ንግግር ነው።

ዛሬ አንድ መነጽር በራሴ ስም ፈርሜ አስረክቤአለሁ። ያደረገችው ሴት መስኮቱ አጠገብ ቆማ ማዶ ያለውን የሱቅ ጽሑፍ ጮክ ብላ አነበበች። እኔም ከኋላዋ ሆኜ አብሬ አነበብሁ።

ልጅዎ

* * *

ሚያዝያ 24 ቀን

ለተከበሩ የመነጽር መስታወት ባለሙያ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። «እርስዎ» ብዬ መጻፌ የእርጅና ስሕተት አይደለም። እኅቴ ከትከሻዬ በላይ አንብባ፣ «ምን ነካህ? በጀርባህ ያዘልሃት ልጅ እኮ ናት» ብላኛለች። አዝያታለሁ፤ አልካድሁም። ለባለሙያ በሙያዋ ጉዳይ የሚጻፍ ደብዳቤ ግን እንዲህ ይጻፋል። ቤት ሲመጡ እንደ ቀድሞው አንቺ ይባላሉ፤ ጫማዎንም ደጅ ያወልቃሉ።

ለፈታኞቹ የሰጡትን መልስ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ አነበብሁት። ክዳኑን ሳልከፍት መልሼ አስቀመጥሁት። በተማሪ ወረቀት ላይ «መልካም» ከሚለው በላይ ጽፌ አላውቅም፤ ጣሪያዬ እርሱ ነበር። ለእርስዎ ግን ሌላ ቃል እጽፋለሁ፤ ኮርቻለሁ። ይህንን ቃል ለመጻፍ እጄ ስለማያውቀው ፊደሉ ትንሽ ተንጋድዷል፤ ይታለፍልኝ።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ። እንደ ቀድሞዎቹ ፈተና አይደለም፤ መልሱን አላውቀውም። ትናንት እጄን ስታጠብ እጅጌዬ ላይ ውኃ ነካኝ። የነካው ቦታ ጠቆረ። ሲደርቅ እንደ ነበረው ሆነ። ውኃው ቀለም የለውም፤ ሸሚዙም ያው ሸሚዝ ነው። ይህን ዕድሜዬን ሁሉ ሳየው ኖሬ አንድም ቀን «ስለ ምን?» ብዬ አላውቅም። ማታ ለእኅቴ ብነግራት፣ «ስለረጠበ ነዋ» አለችኝ። እንደ ድሮው ቢሆን ይበቃኝ ነበር። አሁን ግን ስለረጠበ ምን ሆነ? ጨርቁ ከውኃው ጋር፣ ብርሃኑስ ከሁለቱ ጋር ምን ተነጋገሩ?

በሥራዎ መካከል ስለገባሁ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ሳይቸኩሉ፣ በሙሉ ዐረፍተ ነገር ይመልሱልኝ። እኔ እዚህ፣ እጅጌዬን አርጥቤ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ፣ እጄን አንሥቻለሁ።

አያትዎ